የፍልፈሎች የብቃት ማረጋገጫ

በአንበሳ ግዛት ውስጥ ነጭ ገደል የሚባል ቦታ ነበር። ገደሉ ነጭ የሆነው ከሆዱ በሚወጣው ጨዋማ አፈር ምክንያት ነው። ያንን አፈር የሚልሱት ሣር በሎች ናቸው፤ ሣር በሎቹን የሚበሉት ደግሞ ሹማምንቱ ናቸው፤ ስለዚህ ጨው የመንግሥት ጉዳይ ነበር። አንበሳ ራሱ ጨው ልሶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ጨው የላሰ ድኩላ ሥጋው እንደሚጣፍጥ ያውቅ ነበርና ገደሉን በዐዋጅ የዘውዱ ንብረት አደረገው፤ ቁፋሮውንም ለአያ ጅቦ ሰጠ። አያ ጅቦ መብላት እንጂ መቆፈር የማይወድ ሹም ስለነበር ሥራውን ለተቋራጮች አከፋፈለ። ከርከሮዎች ድንጋዩን ይፈነቅላሉ፣ ጃርቶች አፈሩን ይጠርጋሉ፣ ጦጣዎች ከአፋፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። የነጭ ገደል ሥርዓት ከሩቅ ለሚያየው ያስቀና ነበር።

ከቅርብ ለሚያየው ግን ጣራው ይረግፍ ነበር። አንድ ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል ጣራው ወረደና አሥራ አራት ከርከሮዎች ተቀበሩ። አንበሳ በጣም አዘነ። ሦስት ቀን ጾመ ተብሎ ተነገረ፤ እራቱን ሳይጨምር ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ጉባኤ ተጠራ። አንድ አሮጌ ጎሽ ተነሥቶ ጣራውን በግንድ እንደግፈው አለ፤ ግንዱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ወደ ራሱ ትከሻ ተመለከተና ተቀመጠ። በመጨረሻ ቀበሮ ተነሣ። ቀበሮ አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ ጥፋቱ የጣራው ሳይሆን የቆፋሪዎቹ አለማወቅ እንደሆነ አስረዳ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎም ጨረሰ። ጉባኤው በጭብጨባ ተቀበለው፤ ጣራ ከማስተካከል ቆፋሪ ማስተካከል ይቀላልና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ተቋራጭ ወደ ነጭ ገደል እንዳይገባ ተደነገገ። ማረጋገጫው የአያ ጅቦ መዳፍ የታተመበት የዛፍ ቅርፊት ነው፤ በአንገት ይንጠለጠላል። ፈታኙ ቀበሮ ሆነ። ጥያቄዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ መልሶቻቸውም የታወቁ ናቸው። ከታወቁት መልሶች ውጭ አስቦ የተናገረ ይወድቃል።

ሰባተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበረ ነበር። «ቀይ ምልክት ሲወጣ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ምልክቱ በገደሉ አፍ ላይ የምትቀመጠው ጦጣ የምታነሣው ረጅም ሸንበቆ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ቀይ አበባ ይታሰርበታል። ጦጣዋ ከላይ ስንጥቅ ስታይ ሸንበቆውን ታነሣለች፤ ከታች ያሉት አበባውን አይተው ይወጣሉ። ዓይን ላለው ጥሩ ብልሃት ነበር።

አሁን ወደ ፍልፈሎች እንምጣ። አለቃቸው አባ ቆፍር ይባላል። አርባ ቆፋሪ ወገኖቹን ከነቤተሰባቸው ይዞ በገደሉ ግርጌ ይኖር ነበር። በተከታዩ ዓመት ዝናብ ቀረ፤ ፍልፈል የሚበላው ሥራሥር ሁሉ ደርቆ እንጨት ሆነ። አያ ጅቦም አጋጣሚውን አይቶ፣ ወደ ገደሉ ጥልቅ ክፍል ገብቶ ለሚቆፍር ወገን በወንዙ ዳር ያለውን ረግረግ መስክ እንደሚፈቅድለት አስነገረ። በዚያ መስክ ላይ ሥሩ ክንድ ያህል ወፍራም ነው። ያንን መስክ ያገኘ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ያላገኘ ይቀብራል።

ፍልፈል ዓይን አለው ቢባል ለስም ያህል ነው። ብርሃንና ጨለማን ይለያል፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ እንስሳ በግዛቱ አልነበረም፤ ፊት ለፊት የሚናገረውም አልነበረም። አባ ቆፍር ግን ይህን ነገር ከሌሎቹ ፍልፈሎች ሁሉ አብልጦ ይፈራ ነበር። ምክንያት ነበረው። ገና አለቃ በሆነ ሰሞን ለንጉሡ እጅ ሊነሣ ወደ አደባባይ ወጥቶ፣ አንበሳ መስሎት ለአንድ ትልቅ ኩይሳ ሦስት ጊዜ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ። ረጅም ምስጋናም አቀረበ። ኩይሳው አልመለሰለትም። ሳቁ ከጦጣዎቹ በኩል ጀመረና አደባባዩን ሞላው፤ አንበሳም ሳቀ። ያን ቀን አባ ቆፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ ተመኘ፤ ለፍልፈል ይህ ከባድ ምኞት ባይሆንም አደባባዩ ድንጋይ ነበርና አልተሳካለትም። ከዚያ ወዲህ በነገሩ ሁሉ «በዓይኔ በብረቱ አይቼ» ማለት አበዛ።

ፍልፈሎች መሬት ውስጥ ሲሠሩ ግን ያለ ጠባቂ ሠርተው አያውቁም። የቆየ ልማድ አላቸው። ከመካከላቸው አንዷ አትቆፍርም፤ አገጯን ዓለቱ ላይ አስደግፋ ትውላለች። ዓለት ከመውረዱ በፊት ጥርሱን ያፋጫል። ጆሮ አይሰማውም፤ የማይቆፍር አጥንት ግን ይሰማዋል። ያን ጊዜ ጠባቂዋ በግንባሯ ዓለቱን ሦስት ጊዜ ትደልቃለች፤ ድለቃው ከተሰማ በኋላ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ይሮጣል። በዚያ ዘመን ጠባቂዋ የአባ ቆፍር ታላቅ እህት እመት ድልቂት ነበረች። ከመደለቅ ብዛት ግንባሯ ላይ ፀጉር አልቀረም። እሷ በጠበቀችበት ዘመን ሁሉ አንድም ፍልፈል አፈር አልተጫነውም።

አባ ቆፍር የፈተናውን መልሶች ቀድሞ ካለፈ ከአንድ ጃርት አገኘ። ጃርቱ ደግ ጎረቤት ነበር፤ ቀበሮ መጀመሪያ ጥያቄውን እንደሚጠይቅ፣ ከዚያ ሸንበቆውን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» እንደሚል፣ ያን ጊዜ «ቀይ» ብሎ መመለስ እንደሚበቃ ነገረው። ፍልፈሎቹም ለሦስት ቀን አጠኑ። አርባው በአንድ ድምፅ «ቀይ ምልክት ሲወጣ ሥራዬን አቁሜ፣ ሳልጋፋ፣ በቀኝ በኩል እወጣለሁ» እያሉ ሲያነበንቡ እመት ድልቂት ከጥግ ሆና ሰማች።

«አንተ ወንድሜ» አለች፣ «ቀይ ምንድን ነው?»

«ምልክት ነዋ።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«በእግር ይሰማል?»

«እታለም፣ ቀለም ነው። ቀለም ይታያል እንጂ አይሰማም።»

«እና ለማናችን ነው የሚታየው?»

አርባዎቹ ማነብነባቸውን አቆሙ።

«ሂድና ንገራቸው» አለች እህቱ። «አናይም፣ እኛ በአጥንታችን ነው የምንሰማው፣ ድለቃችንን ተዉልን በላቸው። አንድ ቃል እኮ ነው።»

«ድለቃማ በዘጠነኛው መልስ ክልክል ነው። ድምፅ ጣራ ያናጋል፣ የሹሙንም ዕረፍት ይነሣል ይላል።»

«ዘጠነኛውን መልስ ያወጣው ማነው? ዓለት ውስጥ አንድ ቀን ውሎ ያውቃል?»

«እታለም፣ አታዋርጂኝ!» አለ አባ ቆፍር። «አናይም ስል ምን እንደሚሉ አታውቂም። ዕውር ምን ገደል ያስቆፍረዋል ብለው ይስቁብኛል፤ መስኩን ለሌላ ቆፋሪ፣ ለአዋልደጌሳ ይሰጡታል። ልጆቹ ምን ይብሉ?»

«ዕውርነት ነውር ነው እንዴ? ከማን ሰረቅነው?»

«ለአንቺ ነውር አይደለም። አደባባይ የምወጣው እኔ ነኝ።»

እመት ድልቂት ወደ አርባዎቹ ዞረች። ከእነሱ መካከል ልጇ ጓል ነበር፤ አምስት ትንንሽ ልጆች ያሉት ጎበዝ ቆፋሪ ነው። «ጓል፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

«እማዬ» አለ ጓል፣ «ትናንት ትንሿ ልጄ አፈር ስትልስ አገኘኋት። ቀይ በሉ ካሉን ቀይ እላለሁ።»

እሷም ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። «እኔ ግን ያላየሁትን አየሁ አልልም» ብላ ወደ ጉድጓዷ ገባች። ለፈተናም አልቀረበችም። ቅርፊት የሌለው ወደ ገደሉ ስለማይገባ፣ ፍልፈሎች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጠባቂ ሊቆፍሩ ሆነ።

ፈተናው በአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ተደረገ። ቀበሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ አያ ጅቦ መዳፉን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ያዛጋል። አባ ቆፍርና አርባው ፍልፈሎች ተሰልፈው ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ያለውን መልስ እንደ ውሃ አንቆረቆሩት። ሰባተኛውንም አንድ ቃል ሳይስቱ መለሱ። ቀበሮ ሸንበቆውን አነሣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀይ!» አሉ አርባው፤ አባ ቆፍር ከሁሉ ጮክ ብሎ።

ቀበሮ ቀና ብሎ የሸንበቆውን ጫፍ አየ። አባ ቆፍር ለምን እንደዘገየ አልገባውም። ከዚያ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገና «መልካም። ወደ ስምንተኛው እንለፍ» አለ። ሲያበቃም «ሙሉ ነጥብ! እንዲህ ያለ ተቋራጭ አይቼ አላውቅም» ብሎ አመሰገናቸው። አያ ጅቦ የአርባውንም የአለቃቸውንም ቅርፊት በሁለት ማዛጋት መካከል አተመ። አባ ቆፍር ቅርፊቱን በአንገቱ አጥልቆ ሲመለስ፣ ከኩይሳው ቀን ወዲህ እንደዚያን ቀን ቀና ብሎ ሄዶ አያውቅም።

ሥራው ተጀመረ። ረግረጉ መስክ ተፈቀደ፤ ልጆቹ ወፈሩ። አያ ጅቦ አደጋ ሳይደርስ ለዋለ ለእያንዳንዱ ቀን በአንድ ግንድ ላይ በጥርሱ ጭረት ያደርግ ነበር፤ ጭረቱ መቶ ሲሞላ አንበሳ በተገኘበት ድግስ እንደሚደረግም ተነገረ። ለድግሱ የሚታረዱት እንስሳት ከወዲሁ ተመርጠው ጨው እንዲልሱ ተደረገ። እመት ድልቂት በየቀኑ ከገደሉ በር ውጭ፣ ከእሾህ አጥሩ ማዶ እየመጣች አገጯን መሬት ላይ አስደግፋ ትውላለች። ዘበኞቹ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት «ፀሐይ እየሞቅሁ ነው» ትላቸው ነበር። አባ ቆፍር በአጠገቧ ሲያልፍ ሽታዋ ይደርሰዋል። ቆም ብሎ ግን አያናግራትም።

በዘጠና ሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አባ ቆፍር በገደሉ አፍ ቆሞ ለአያ ጅቦ የሥራውን ሁኔታ ያስረዳ ነበር። በመካከሉ ከእግሩ ሥር ዓለቱ ጥርሱን ሲያፋጭ በአጥንቱ ተሰማው። አጥንቱ የፍልፈል አጥንት ነው፣ አልተሳሳተም። ወዲያው ከርከሮዎችና ጃርቶች በአጠገቡ እያለፉ መውጣት ጀመሩ፤ ሳይጋፉ፣ በቀኝ በኩል፣ ልክ እንደ መልሱ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ጎረቤቱን ጃርት በጠረኑ አውቆት።

«ቀይ ወጣ እኮ! አታይም እንዴ?» አለው ጃርቱ እየሮጠ።

የፍልፈል እግር ግን ከውስጥ አልተሰማም። የቁፋሮው ድምፅ አልተቋረጠም፤ አርባው በሙሉ ጉልበታቸው ይቆፍሩ ነበር።

ሦስት ትንፋሽ ያህል ጊዜ አለፈ። በመጀመሪያው ትንፋሽ አባ ቆፍር፣ ከጃርቶቹ አንዱ ነግሯቸው ይሆናል ብሎ አሰበ። በሁለተኛው፣ ብደልቅ ሕግ መጣሴ ነው፣ ለምን ደለቅህ ቢሉኝስ ምን እላለሁ ብሎ አሰበ። በሦስተኛው ወደ ጎን ዞሮ አያ ጅቦ እያየው እንደሆነ ለማየት ሞከረ። ማየት የማይችል ፍጡር፣ ወገኖቹ ከሚወርድ ጣራ ሥር እያሉ፣ ማን እንደሚያየው ሊያይ ዞረ። ይህን ስጽፍ እኔም አፍራለሁ፤ ነገር ግን የሆነው ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ ከእሾህ አጥሩ ማዶ ድለቃ ተሰማ። እመት ድልቂት ነበረች፤ በግንባሯ መሬቱን ትደልቅ ነበር። ርቀቱ ብዙ ነው፤ ድለቃው የደረሳቸው ወደ አፉ ቀርበው የሚቆፍሩት ብቻ ናቸው። እነሱ መሣሪያ ሳያነሡ፣ ቀኝ ግራ ሳይሉ፣ እየተጋፉ ወጡ። ያን ጊዜ አባ ቆፍርም ግንባሩን ከዓለቱ ጋር ያጋጭ ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጣራው ወረደ። አቧራው ከረጋ በኋላም መደለቁን አላቆመም፤ ያስቆመው አያ ጅቦ ነው። «በቃህ» አለው፣ «ጣራ ታናጋለህ።»

አሥራ ዘጠኝ ወጡ። ሃያ አንድ ቀሩ። ጓል ከቀሩት ጋር ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቀበሮ ወደ አባ ቆፍር ጉድጓድ መጥቶ ከደጁ ተቀመጠ። ለቅሶ ደረሰ። ካጽናናው በኋላም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ ጉባኤ አለ» አለው። «እህትህ ተከሳለች። በድለቃዋ ጣራውን አናጋች ነው የሚባለው። ሟቾቹ ደግሞ ምልክቱን አይተው ባለመታዘዛቸው ጥፋተኞች ናቸው። አንተን የሚነካህ የለም፤ እንዲያውም ዋና ተቋራጭ ትባላለህ። ንጉሡ አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል፤ ወገኖችህ ምልክቱን አይተውታል ወይ ይልሃል። አዎ ትላለህ፣ ያልቃል።»

«አላዩትም እኮ» አለ አባ ቆፍር።

«ዝም አይነቅዝም ወዳጄ። እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርህ። በፈተናው ዕለት ጠዋት ጦጣዋ አበባውን በልታብኝ ነበር። ያነሣሁላችሁ ባዶ ሸንበቆ ነው። ሁላችሁም ቀይ አላችሁኝ። አንተ ደግሞ ከሁሉ ጮክ ብለህ ነው ያልከው። ይህ በጉባኤ ፊት ቢነገር ስምህ ምን ይሆናል?»

«እና አውቀህ ነው ያተምክልን?» አለ አባ ቆፍር።

«ያተመው አያ ጅቦ ነው» አለ ቀበሮ እየተነሣ። «ደግሞስ፣ አንተ አታውቅም ነበር?»

ጉባኤው በአደባባዩ ተደረገ። አያ ጅቦ ለዕለቱ ፀጉሩን አበጥሮ ንግግር አደረገ። «ግርማዊ ሆይ» አለ፣ «በእኔ በኩል የጎደለ ነገር አልተገኘም። ተቋራጮቹ ማረጋገጫ ነበራቸው። ጦጣዋ በቦታዋ ነበረች። ምልክቱ በሰዓቱ ወጥቷል፤ ከርከሮውም ጃርቱም ምስክር ነው። የሞቱት እያዩ ያልታዘዙት ናቸው። ከዚህም በላይ ማረጋገጫ የሌላት አንዲት አሮጊት ከአጥር ውጭ ሆና ዓለቱን ስትደበድብ ተገኝታለች። ጣራው የወረደው እሷ ከደበደበች በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። የፍርዱን ነገር ለግርማዊነትዎ እተዋለሁ።»

እመት ድልቂት በመካከል ቆማ ነበር። ግንባሯ ተላልጦ ደሙ ደርቋል። ስለ ራስሽ ተናገሪ ሲሏት ፊቷን ወንድሟ ወዳለበት ወገን አዞረች።

«አባ ቆፍር» አለ አንበሳ፣ «አንተ አለቃቸው ነህ። ወገኖችህ ቀዩን ምልክት አይተውታል ወይስ አላዩትም?»

አባ ቆፍር አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ለዓመታት ያን ቃል ብቻ ሲለማመድ ኖሯል። ነገር ግን የእህቱ ደም ሽታ ደረሰው።

«አላዩትም» አለ። «ግርማዊ ሆይ፣ እኛ አናይም። አንዳችንም አናይም። ቀይ ምን እንደሆነ አላውቅም። በፈተናው ቀን ባዶ ሸንበቆ ተነሥቶልን ቀይ ያልነው እኛ ነን፤ ያስጠናኋቸውም እኔ ነኝ። እህቴ አናይም በላቸው ብላኝ ነበር። አፍሬ ተውኩት። ጣራው ሊወርድ ሲል ድምፁ በእግሬ ተሰምቶኛል። መደለቅ እችል ነበር። ያኔም አፈርኩ።»

ይህን ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ጠበቀ። ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ሳቅ አሁን ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ጦጣዎቹ እንኳን አልሳቁም። ጉባኤተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከኋላ በኩል አሮጌው ጎሽ በጎርናና ድምፁ «እናውቅ ነበር እኮ፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለና እንደ ልማዱ ተቀመጠ። አባ ቆፍርን ያደቀቀው ይህ ነው። ለካ ሃያ አንድ ወገኖቹን የቀበረው ከማይመጣ ሳቅ ሲሸሽ ነው።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። አንዳንዶች ቀበሮ ዛሬስ አለቀለት ብለው አሰቡ፤ አያ ጅቦም ከቀበሮ አንድ እርምጃ ያህል ፈቀቅ አለ።

ቀበሮ ግን እንደ ወትሮው በለሰለሰ አንደበት ጀመረ። «አባ ቆፍርን ስለ ቅንነቱ አመሰግነዋለሁ» አለ። «በዚህ ንግግር በሥርዓታችን ላይ ክፍተት እንዳለ ተረድቻለሁ። ተቋራጩ ቀይን ያውቅ እንደሆነ ጠይቀናል፤ ያይ እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ጥያቄው ‹ታያለህን?› የሚል ይሁን።»

«መልሱስ?» አለ አንበሳ።

«‹አያለሁ› ነው ግርማዊ ሆይ።»

ጭብጨባው ቀስ ብሎ ጀመረና እየበረታ ሄደ። አንበሳ ፍርዱን ሰጠ። እመት ድልቂት የልጅ ኀዘን ስላለባት ይቅር ትባል፤ ድለቃ ግን እንደ ቀድሞው ክልክል ይሁን። የሟቾቹ ቅርፊት በክብር ይቀመጥ። ማረጋገጫ ያላቸው ፍልፈሎች በአዲሱ ጥያቄ እንደገና ይፈተኑ፤ እስከዚያ ድረስ ረግረጉ መስክ ይዘጋ። አያ ጅቦም በግንዱ ላይ ያሉትን ጭረቶች ፍቆ ከአንድ ጀመረ።

መስኩ ተዘጋ። አባ ቆፍር ወገኖቹን ሰብስቦ እንዳይሄዱ ለመናቸው። «አናይም ብያለሁ፤ በጉባኤ ፊት ብያለሁ፤ አሁን አያለሁ ብንል ምን እንባላለን?» አለ። ከሟቾቹ ሚስቶች አንዷ፣ «እሱስ ይሁን፤ ለልጆቹ ነገ ምን ልስጣቸው?» አለችው። ሦስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ቀን አንድ በአንድ ወጥተው ከዋርካው ሥር ተሰለፉ። አለቃው ያልታተመለት ወገን መስኩ አይከፈትለትም ተብሎ ስለነበር አባ ቆፍርም ሄዶ ከመካከላቸው ቆመ። የቆመው በራሱ እግር ነው ለማለት ይከብዳል።

ከፊቱ ያለችውን በጠረኗ አወቃት። እመት ድልቂት ነበረች። በዙሪያዋ የጓል አምስት ልጆች ደረቅ ቅርፊት ያኝካሉ፤ ማኘካቸው ይሰማል። እሷ ለፈተና ትቀርባለች ብሎ ጨርሶ አላሰበም ነበር። ሊያናግራት ፈለገ፣ ነገር ግን ምን ብሎ? ተራዋ ደረሰና ወደ ፊት ሄደች። አሥራ ሁለቱን መልሶች አንድም ሳትስት መለሰች፤ ከሦስት ቀን የበለጠ እንዳልተማረቻቸው ሁሉም ያውቃል።

ቀበሮ ሸንበቆውን አነሣ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ቀይ።»

«ታያለሽን?»

እመት ድልቂት ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች። አባ ቆፍር በልቡ፣ እባክሽ እታለም፣ አትበዪ፣ አንቺ እንኳን አትበዪ አለ። ከልጆቹ አንዱ ማኘኩን ትቶ ማልቀስ ጀመረ።

«አያለሁ» አለች።

አያ ጅቦ አተመላት። ቅርፊቱን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ልጆቹን ከፊት አስቀድማ ተመለሰች። ሁለት ፍልፈሎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ አይተላለፉም፤ ሰላምታቸው ይህ ነው። አባ ቆፍር ትከሻውን ወደ እሷ አስጠግቶ ጠበቃት። ሳትነካው አለፈች።

«ቀጣይ!» አለ ቀበሮ።

አባ ቆፍር ቀጣዩ እሱ መሆኑን ያወቀው ከኋላው ያሉት ሲገፉት ነው።